መሠረት ውስጥ የፈላ አሸን

ምዌንያ ካባሶ ስልክ የያዘ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ በቀረው እጇና በሁለት እግሮቿ እርጥቡን ኩይሳ እየቧጠጠች ስትወጣ በኢንተርኔት የሚሰጠው ገለጻ ከተጀመረ አምስት ደቂቃ አልፎት ነበር። አናቱ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ስትደርስ በስልኩ ጥግ አንድ መስመር ታየ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሆነ። በካፎንሻ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው እዚህ የምስጥ ኩይሳ ላይ ብቻ ነው። ቁመቱ ከቤት ጣሪያ ይበልጣል። ባሏ የመዳብ ማዕድን ወደሚወጣባቸው ከተሞች ለሥራ የሄደባትም፣ የማዳበሪያ ዋጋ የሚጠይቀውም፣ ከአማቱ ጋር የተጣላውም የሚደውለው እዚያ ወጥቶ ነው። ስለዚህ በመንደሩ ምስጢር የሚባል ነገር የለም።

"ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ነው?" አሉ ባና ምፑንዱ።

ባና ምፑንዱ የመንታ እናት ናቸው፤ ስማቸውም ይኸው ነው። ገበያ ሰውን ይከተላል፣ ሰው ኔትወርክን ይከተላል ብለው የቪቱምቧ መጥበሻቸውን ኩይሳው አናት ላይ ካሰፈሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሊጡን እያድቦለቦሉ ዘይት ውስጥ ሲጥሉ የሰውን ስልክ በነጻ ያዳምጣሉ፤ ምክርም በነጻ ይሰጣሉ።

"ከመሐንዲሶች ጋር። ትምህርት ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።"

"አሁንም ትማሪያለሽ? እኔ ጨርሰሽ የመጣሽ መስሎኝ ነበር።"

ምዌንያ ሳቀች፤ ለማስረዳት ግን አልደከመችም። እሷ አገር መሐንዲስ የሆነ ሰው በየዓመቱ እንዲህ ያለ ገለጻ እየተከታተለ ነጥብ ካልሰበሰበ የሙያ ፈቃዱ አይታደስለትም። ፈቃድ የሌለው መሐንዲስ ፊርማ ደግሞ ከማንም መንገደኛ ፊርማ አይሻልም። ለምዌንያ ሁለት ነጥብ ቀርቷታል፤ ዓመቱ ሊያልቅ የቀረው ስድስት ሳምንት ነው። ገብቶ እስከ መጨረሻ ያልቆየ ነጥቡን አያገኝም፤ መገኘት ማለት ግን ስልክን ከፍቶ መተው ነው። አንዱ ከፍቶ መኪና ይነዳል፣ አንዱ ከፍቶ ይተኛል። እሷ ራሷ ባለፈው ወር ስለ አውሮፕላን ማረፊያ መብራቶች የተሰጠውን ገለጻ የተከታተለችው ፀጉሯን እየተሠራች ነው። አንድ ቃል አታስታውስም።

የዛሬውንም እንደዚያው ልታሳልፈው አስባ የፌሮ ዝርዝሯን ይዛ መጥታለች። ከስብሰባው ስሞች መካከል የአለቃዋን አየችው፤ የክፍለ ሀገሩ ዋና መሐንዲስ ባ ሲንያንግዌ፣ አቶ ሲንያንግዌ እንደ ማለት ነው፣ ከካሳማ ከተማ ገብተዋል። ከሥር ደግሞ የገለጻው ርዕስ ተጽፏል፤ በኩይሳ መሬት ላይ ስለ መገንባት። እሱን ስታነብ ዓይኗ ወደ ታች ሄደ።

ከኩይሳው ግርጌ አራት መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ የእሷ ሥራ ይታያል። የእናቶች ማዋለጃ ነው። የመንደሩ ሴቶች እስከ ዛሬ የሚወልዱት በአሮጌው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ወለል ላይ፣ በሸራ ተጋርደው ነው። የአካባቢው ሹም ለአዲሱ ቤት የሰጡት ቦታ በምሥራቅ ማዕዘኑ ላይ ኩይሳ ነበረበት። ውሉ እንዲህ ያለው ኩይሳ እስከ ሥሩ ተቆፍሮ፣ የምስጦቹ ንግሥት ወጥታ፣ ጉድጓዱ በገረጋንቲ ተሞልቶ ይጠቅጠቅ ይላል። የተመደበው ኤክስካቫተር ግን ለመንገድ ሥራ ተወሰደ። በእጅ ይቆፈር ቢባል ሳምንት ያልፈዋል፤ ዝናቡም ደርሷል። ምዌንያ ኩይሳውን ከመሬት እኩል አስገፈፈችው። ቀሪውን በተረከዟ መታችው፤ እንደ ብረት ጮኸ። በዚያ አገር ሰው ጡብ የሚሠራውም፣ የጎጆውን ወለል የሚመርገውም በኩይሳ አፈር ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ላዩን አስጠቀጠቀችና በሳምንታዊው ሪፖርት ላይ "ኩይሳው ተነስቷል" ብላ ለባ ሲንያንግዌ ጻፈች። ያኔ ውሸት አልመሰላትም። ዓይን የሚያየው ኩይሳ አልነበረማ።

ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ የወለሉ ኮንክሪት ይሞላል። ውሃው መጥቷል፤ ሚክሰሩ ሲሞከር ድምፁ እስከ ኩይሳው አናት ይሰማል።

ገለጻውን የሚሰጡት ባ ሲሙኮንዳ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ነበሩ። ከሰባ ዓመት አልፈዋል፤ ሉሳካ ካለው ሳሎናቸው ሆነው ሲናገሩ ከጀርባቸው የልጅ ልጅ ቴሌቪዥን ይጮኻል። ሌላው ገላጭ ሲጀምር ራስ ቁር አድርጎ ከሚኒስትር ጋር ሲጨባበጥ የተነሳውን ፎቶ ነው የሚያሳየው። እሳቸው ያሳዩት ወለሉ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ያዘነበለ የትምህርት ቤት ክፍል ነው።

"ይህ ክፍል የእኔ ነው" አሉ። "ለሠላሳ ዓመት ዝናብ አበላሸው እያልኩ ስናገር ኖሬያለሁ። ዝናቡ ምንም አላደረገም።"

ምዌንያ የፌሮ ዝርዝሩን አጠፈችው።

ሽማግሌው ቁም ነገር ላይ ሲደርሱ እንግሊዝኛውን ትተው ወደ ቤምባ ያዘነብላሉ። የኩይሳ አፈር በደረቅ ወራት እንደ ጡብ ነው አሉ፤ በተረከዝህ ትመታዋለህ፣ ይጮኻል፣ ትኮራለህ። ከሥሩ ግን ሰፈር አለ፤ ክፍሉ፣ ጓዳው፣ መተላለፊያው እንዳለ ነው። ንግሥቲቱ ካልወጣች ምስጦቹ ያንተን ወለል ጣሪያ አድርገው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ሰው በሞላበት ጣሪያው ይወርዳል። የእሳቸው የወረደው እሑድ ስለነበር ልጆቹ ተርፈዋል። ከጀርባቸው የካርቱን ሙዚቃ ይሰማል።

"እንግዲህ መኖሯን በምን ታውቃለህ?" ብለው ቀጠሉ። "የመጀመሪያውን ዝናብ ጠብቅ። አሸን፣ ያ ክንፋሙ ምስጥ፣ ከወጣ ቤቱ ባለቤት አለው።"

ባና ምፑንዱ ማንኪያቸውን መጥበሻው ጠርዝ ላይ አሳረፉ። "አሸን ነው ያሉት?"

"አዎ።"

"ታዲያ ይኼ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ማክሰኞ ለታ ከናንተ ቤት ያልዘገነ ሰው አለ እንዴ?"

"ከየትኛው ቤት?"

"ከሚሠራው ነዋ። ያ የምሥራቁ ማዕዘን ዝናቡ እንዳባራ ፈላ፤ መሬቱ አይታይም ነበር። እኔ አንድ ባልዲ፣ የባ ንኮንዴ ሠራተኞች ሁለት ባልዲ ወሰድን። ምነው ልጄ፣ አንቺስ በልተሽ የለም? በሳህን የመጣልሽ የኔው ጥብስ እኮ ነው።"

በልታለች። ባ ንኮንዴ፣ ሥራውን የያዙት ግንበኛ፣ ማክሰኞ ምሽት አንድ ሳህን ሙሉ ጨው የተነሰነሰበት አሸን ልከውላት ነበር። በንሺማ፣ በበቆሎ ገንፎ፣ እየጠቀለለች በላችው፤ እኛ ከተማ ኪትዌ ውስጥ እንዲህ የሚጣፍጥ አይገኝም ብላም አመሰገነች። ከየት እንደመጣ መጠየቅ አልታሰባትም። የፈላ አሸን ያየ ሰው ባልዲ ይፈልጋል እንጂ መሐንዲስ አይጠራም፤ መሐንዲሷም ስትበላ ነበር። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ያፈረችበት ጊዜ ትዝ አይላትም።

ከታች ሚክሰሩ እንደገና ተነሳ። የአሁኑ የሙከራ አልነበረም፤ ጠጠር ሲገለበጥበት ይሰማል።

ስልኳን አየች። ይዛው ከወረደች ከኩይሳው ግርጌ ሳትደርስ መስመሩ ይቋረጣል፤ ሁለቱም ነጥብ ይሄዳል። ለባ ንኮንዴ እንዳትደውል ሥራው ቦታ ላይ ኔትወርክ የለም። ስልኩን ለባና ምፑንዱ አቀበለቻቸው።

"ይህን ይያዙልኝ። እንዳይዘጋ። ሽማግሌው የሚሉትን ያዳምጡልኝ።"

"እኔ?"

"እርስዎ። ከሁላችንም በደንብ ይሰማሉ።"

ኩይሳውን በቂጧ ተንሸራታ ወረደች፤ ከዚያ ሮጠች።

ስትደርስ ሁለት የእጅ ጋሪ ኮንክሪት በምዕራቡ ጥግ ተደፍቷል፤ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው። "አቁሙ" አለች። ትንፋሿ ስለተቆራረጠ መጀመሪያ የሰማት አልነበረም። ደግማ ስትለው ሠራተኞቹ ቆሙ። ባ ንኮንዴ ከሚክሰሩ ዞር ብለው እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ መጡ። ረጋ ያሉ፣ በሥራቸው የሚታፈሩ ሰው ናቸው፤ ካፎንሻ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ካለ እሳቸው የሠሩት ነው።

"ምን ሆኑ ኢንጂነር?"

"ባለ አሥራ ሁለት ፌሮና መዶሻ ያምጡልኝ። የማክሰኞው አሸን የወጣበትን ቦታ ያሳዩኝ።"

ባ ንኮንዴ ከዚህ በላይ አልጠየቁም። ፊታቸው ግን ተለወጠ። ማዕዘኑ ላይ ገረጋንቲውን በእግራቸው ጠረግ ሲያደርጉ ከሥሩ እፍኝ የሚሞላ ክንፍ ተጣብቆ ታየ። ፌሮውን አቆሙና በመዶሻ መቱት። የመጀመሪያውን ስንዝር በግድ ገባ። ሁለተኛውን ስንዝር ሲመታ ብረቱ በራሱ ጊዜ እልም ብሎ ወረደ፤ መዶሻው አየር መታ። ሌላ ቦታ ሞከሩ፤ አሁንም ወረደ። ክንዳቸውን አስጠግተው ለኩት፤ እስከ ክርን ባዶ ነው። ሦስተኛውን ቦታ ራሷ ምዌንያ መታችው። አንድ ሠራተኛ ከንፈሩን መጠጠ።

የአልጋው ቦታ እዚያ ነበር። በፕላኑ ላይ የምታምጥ ሴት የምትተኛበት አልጋ ከዚህ ማዕዘን በላይ ነው የተሳለው። የሳለችውም እሷ ናት፤ መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ እንዲያስገባ ብላ።

የተቦካው ኮንክሪት አይጠብቅም። ለመጸዳጃ ቤቱ መግቢያ ወለል እንዲሆን አዘዘችና ሠራተኞቹ እያጉረመረሙ ጋሪውን ወደዚያ ገፉ። በስተምሥራቅ ሰማዩ ጠቁሯል። ባ ንኮንዴ ወደ ጎን ወሰዷት።

"ፌሮ ብናበዛበትስ? ደረብ አድርገን ብንሞላው?"

"ከሥሩ እየበሉት?"

"እሱስ ልክ ነዎት።" ፌሮውን መሬት ላይ እየመቱ ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያው ይስሙኝ። በሥራ ደብተሩ ላይ የንኮንዴ ሠራተኞች ኩይሳውን ሳያስፈቅዱ ዘለሉት ብለው ይጻፉ። ለእኔ አንድ ወቀሳ ነው፤ ወቀሳ ደግሞ ለምጄዋለሁ። ለእርስዎ ግን ፈቃድዎ ነው። ገና ልጅ ነዎት።"

"ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ስንት ሰው ያውቃል? እኔና እርስዎ።"

ሰውየው ያሉት ከልባቸው እንደሆነ ገብቷታል፤ የከበዳትም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ እምቢ ማለት ይቀል ነበር። በዚያ ላይ ሌላ ችግር አለባት። ማስቆሙን አስቆመች፤ ያለ ማሽን፣ ዝናብ አናቷ ላይ እያንዣበበ፣ እንዲህ ያለ ጎሬ እንዴት እንደሚቆፈር ግን አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት አልነበረም፤ ያስተማራትም ካለ ያን ቀን ፀጉሯን ስትሠራ ነበር። ማዕዘኑን በገመድ እንዲያጥሩ ነግራ ወደ ኩይሳው ተመለሰች። አቀበቱን ስትወጣ የባ ንኮንዴ ሐሳብ አብሯት ወጣ። አንድ መስመር ነው፤ ማንም አይጎዳም፤ ቤቱም በደንብ ይሠራል። እንዲህ እንዲህ እያለች አናቱ ላይ ደረሰች።

ባና ምፑንዱ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ መስታወት ይዘው ተቀምጠዋል። ቪቱምቧው አርሯል።

"ሦስት መቶ ሰው አለ ይላል" አሉ። "አንድም የሚተነፍስ የለም። ሐዘን ቤት ነው እንዴ?"

"ምን አሉ ሽማግሌው?"

"ጉድጓዱን ተከተሉት አሉ። አፈሩ ከቀይ ወደ ግራጫ ሲለወጥ ተጠግታችኋል አሉ። ንግሥቲቱ የአውራ ጣት ታክላለች፣ በጭቃ ሳጥን ውስጥ ናት። ከዚያ ስንት ሜትር እንደሚወረድ ሊናገሩ ሲሉ ሰውየው አፋቸውን ከፍተው ደርቀው ቀሩ። ኔትወርኩ ነው። ሲመለስ ሌላ ነገር እያወሩ ነበር።"

ገለጻው አልቋል። አስተባባሪዋ ወጣት ሴት ጥያቄ ያለው ካለ እያለች ነው፤ የሚመልስላት የለም። የመልእክት መጻፊያው ላይ ምስጋናው ተደርድሯል፤ በጣም ጠቃሚ ነበር፣ ዓይን ገላጭ ነበር። አንዳንዱ ገለጻው ሳይጀመር የተጻፈ ነው። ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ አሁን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው የሦስት መቶ ሰው ጠላት ይሆናል።

ምዌንያ በጭቃማ ጣቷ መጻፍ ጀመረች። "አንድ ባልደረባዬ የያዘው ሥራ ላይ..." ብላ ቆመች። መሐንዲሶች ስህተት ሲጠይቁ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምሩት። ይህ ባልደረባ የማይገኝበት ገለጻ የለም፤ ስም የለውም፤ አገሩን ሙሉ ሲያበላሽ ይኖራል፤ ፈቃዱን የቀማው ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። አሁን ደግሞ ካፎንሻ ሊላክ ነው። በዚያ ላይ ባልደረባ የጠየቀው ጥያቄ በባልደረባ ልክ ነው የሚመለሰው፤ እንዲህ ቢሆን እንዲያ ይደረግ ነበር ተብሎ። እሷ የምትፈልገው ለዛሬ ከሰዓት የሚሆን መልስ ነው።

"ጥያቄ ከሌለ እንግዲህ..." አለች አስተባባሪዋ።

ምዌንያ የጻፈችውን አጠፋችው። ማይኩን ከፈተች።

"ምዌንያ ካባሶ እባላለሁ" አለች። "ካፎንሻ የእናቶች ማዋለጃ እየሠራሁ ነው። ማዕዘኑ ላይ የነበረውን ኩይሳ ሳላስቆፍር ገፍፌ መሠረት ያስጣልኩበት እኔ ነኝ። ለአለቃዬ ተነስቷል ብዬ ጽፌያለሁ፤ እሳቸውም እየሰሙኝ ነው። አልተነሳም። ማክሰኞ አሸን ወጥቶበታል። ዛሬ ፌሮ ሳስገባበት እስከ ክርን ባዶ ነው። ማሽን የለኝም፤ ያለኝ ዘጠኝ ሰውና አካፋ ነው፤ ዝናብም እየመጣ ነው። ስንት ሜትር ልውረድ?"

ከባ ሲንያንግዌ ስም አጠገብ የማይኩ ምልክት በራ፤ ወዲያው ጠፋ። ባ ሲሙኮንዳ መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን ተጠጉ፤ ከእነ ጭቃዋ ሊያዩዋት የፈለጉ ይመስላሉ።

"ኮንክሪቱን አቁመሻል?"

"አቁሜያለሁ።"

"አሸኑንስ በላሽው?"

ምዌንያ ባና ምፑንዱን አየች። "በልቻለሁ።"

"እኔም የዚያን ጊዜ በልቼዋለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ብዕር ያዢ ልጄ። በአካፋ በሦስት ቀን እንጨርሰዋለን።"

ባና ምፑንዱ ብዕር ባይኖራቸው ከምድጃቸው ጫፍ የቀዘቀዘ ከሰል መዝዘው አቀበሏት። ምዌንያ የፌሮ ዝርዝሯን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ልትጽፍ ስትል የባ ሲንያንግዌ ማይክ እንደገና በራ፤ አሁን አልጠፋም። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማ።

"ባ ሲሙኮንዳ፣ አንድ ጊዜ ይቆዩኝ" አሉ። "እኔም ብዕር ላምጣ።"